ጤና አዳም በቀለም ባልዲ፦ የአንድ ዓመት የግቢ ሥራ ማስታወሻ ከደሴ

ጥቅምት 11 ቀን 2017

ዛሬ ሰኞ ገበያ ወረድኩ። የሄድኩት ምስር ልገዛ ነበር። በሶብላና ጤና አዳም የዘረጉ እናት አጠገብ ስደርስ ግን ሽታው አስቆመኝ። ጤና አዳምን ዓይኔ ሳያየው አፍንጫዬ ያውቀዋል።

ልጅ ሆኜ እማዬ ቤት ደጃፍ ላይ ከጉልበቴ በላይ የሚደርስ ጤና አዳም ነበረን። ቡና ሊቀርብ ሲል "ሩጪ፣ ቀንጥሰሽ ነይ" የምባለው እኔ ነበርኩ። ኋላ ግቢው ሲሚንቶ ሲለበስ ተነቀለ። ከዚያ ወዲህ ጤና አዳም ቤታችን የሚገባው በእስር ተገዝቶ ነው። እስሩ ሁለት ቀን ሳይሞላው ይጠወልጋል። ግማሹ ይጣላል። ደሴ ተቀምጬ ቡናዬን ያለ ጤና አዳም ስጠጣ ደግሞ አንድ ነገር የጎደለ ይመስለኛል።

ስለዚህ ራሴ ላበቅል ወሰንኩ። ከገዛሁት እስር ውስጥ ግንዳቸው ጠንከር ያለ ስድስት ዘንግ መረጥኩ። ማታ ደግሞ ከጎረቤቴ ከእማማ ሌላ ስድስት ለመንኩ። የእሳቸው ተክል ስንት ዓመቱ እንደሆነ ራሳቸውም አያስታውሱትም። "ውሰጂ እታለም፤ ሲቆርጡት ይበዛል እንጂ አይቀንስም" አሉኝ።

በየቀኑ አልጽፍም። አንድ ነገር ሲለወጥ ግን እዚህ አሰፍራለሁ።

ጥቅምት 12

የግቢያችን አፈር ዋልካ ነው። ጥቁር፣ ሲረጥብ እግር የሚይዝ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ። ከመትከሌ በፊት ልፈትነው ብዬ ጠዋት አንድ ክንድ የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፈርኩ። አንድ ባልዲ ውሃ ሞላሁበት። ማታ ከሥራ ስመለስ ግማሹ ውሃ እዚያው ተኝቷል።

ይሄ ለጤና አዳም አይሆንም። የተክሉ ጥንተ አገር የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነው። ድንጋያማና ቶሎ የሚደርቅ መሬት የለመደ ነው። ውሃ ባቆረ አፈር ውስጥ ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል።

ስለዚህ ባዶ የቀለም ባልዲዎች አወጣሁ። ምስማር በእሳት አግዬ እያንዳንዱን ከታች ስምንት ቦታ በሳሁ። አፈሩን እንዲህ ቀላቀልኩት፦ ሁለት እጅ የግቢ አፈር፣ አንድ እጅ ወፍራም አሸዋ፣ ግማሽ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ፣ በላዩ አንድ እፍኝ የምድጃ አመድ። ፍጉን ከዚህ በላይ አልጨመርኩም። ጤና አዳም በጣም በለማ አፈር ላይ ቅጠሉ ይበዛል፣ ሽታው ግን ይሳሳል።

ዘንጎቹን ከአንጓቸው ሥር በስለት ቆረጥኳቸው። ርዝመታቸው 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፌ ሁለት አንጓ አፈር ውስጥ እንዲገባ አድርጌ ተከልኩ። ጥላ ውስጥ አስቀመጥኳቸውና ግማሹ የተቆረጠ ሃይላንድ ደፋሁባቸው። እርጥበቱ እንዲቆይ ነው።

ጥቅምት 24

የገበያዎቹ ጠቆሩ። አንዱን ሳብ ሳደርገው እንደ በሰለ ሽንኩርት ሟሽሾ ወጣ። ከስድስቱ አምስቱ እንደዚያው ናቸው። ከእማማ ከወሰድኳቸውም አንዱ ሞቷል።

እማማን ጠራኋቸው። ባልዲው ላይ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ከተቱ። "በየስንት ቀኑ ታጠጪዋለሽ?" አሉኝ። "ጠዋትና ማታ" አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ ይሄ እኮ ጎመን አይደለም። ጣትሽን ክተቺበት። ቀዝቀዝ ካለሽ ተይው። ደረቅ ካለ ብቻ አጠጪው።"

ያን ያህል ውሃ የሰጠሁት ስለሳሳሁለት ነው። አሁን ውሃ የማጠጣው በጣቴ ፈትኜ ብቻ ይሆናል። ሃይላንዱንም በቀን አንድ ሰዓት እያነሳሁ አየር እንዲገባ አደርጋለሁ።

የገበያዎቹ በብዛት የሞቱበት ምክንያትም ሳስበው ግልጽ ነው። ከተቆረጡ ቢያንስ አንድ ቀን ሆኗቸዋል። ፀሐይ ላይ ውለዋል። ከግቢ ተቆርጦ በዚያው ሰዓት የሚተከል ይሻላል።

ኅዳር 15

ስድስት ተርፈዋል። ዛሬ አንዱን ባልዲ ዘንበል አድርጌ ከታች ባለው ቀዳዳ አየሁ። ነጭ ሥር! ከተተከሉ አንድ ወር አልፏቸዋል። ጫፋቸው ላይም አዲስ ቅጠል አውጥተዋል፤ ትንሽ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ።

አንዷን ቅጠል ቆርጬ ወደ ፀሐይ አነሳኋት። ቅጠሏ ሙሉ በሙሉ እንደ ወንፊት ነጠብጣብ ነው። ብርሃን በነጠብጣቦቹ ያልፋል። ዘይቱ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። የብርቱካንና የሎሚ ቅጠልም እንዲሁ ነው፤ ጤና አዳም የእነሱ ዘመድ ነውና። ሳይንሳዊ ስሙ ሩታ ቻሌፔንሲስ ይባላል። ልጆቼ ይሄን ነጠብጣብ ካዩ ወዲህ የግቢውን ቅጠል ሁሉ ወደ ፀሐይ እያነሱ ነው።

ታኅሣሥ 6

ብርዱ ገብቷል። ማታ ማታ ከጦሳ የሚወርደው ንፋስ አጥንት ይገባል። ሰሞኑን ጎህ ሲቀድ ሣሩ ላይ ውርጭ እያየሁ ነው። ባልዲዎቹን ቀን ሙሉ ፀሐይ ወደሚመታው የድንጋይ ግድግዳ አስጠጋኋቸው። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ከላይ ጆንያ እዘረጋለሁ፤ ጠዋት አነሳለሁ። ጫፋቸው ትንሽ ወይን ጠጅ መሰለ እንጂ አልሞቱም።

አንዱን ባልዲ ለአክስቴ ኮምቦልቻ ላክሁላት። በሚኒባስ፣ ሐረጎን ቁልቁል፣ በልጇ ጭን ላይ። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ልዩነቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ጥር 20

አክስቴ በቴሌግራም ፎቶ ላከች። የእሷ ከእኔዎቹ እጥፍ ሆኗል። ቁመቱን በስንዝር ለክታ ሁለት ስንዝር ደረሰ አለችኝ። የእኔዎቹ አንድ ስንዝር ናቸው። ሙቀት ማለት ይሄ ነው።

ግን ሙቀቱ ሌላም ነገር አመጣባት። ሁለተኛው ፎቶ ላይ ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር አለ። ለካስ ትል ነው። ብርቱካንና ሎሚ ላይ የሚወጣው የቢራቢሮ ትል ነው፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። መድኃኒት ልትነፋበት ነበር፤ ከለከልኳት። ሲኒ ውስጥ የሚገባ ቅጠል ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት አይነፋም። በእጅ ለቀማቸው ይበቃል። አራት ትል ብቻ ነበር። የቤቷ ሎሚ ዛፍ ላይ ወስዳ አስቀመጠቻቸው።

የካቲት 8

ይሄን በደንብ እጽፈዋለሁ። ማንም በእኔ የደረሰው እንዳይደርስበት።

ከትናንት በስቲያ በጠራራ ፀሐይ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ጫፍ ጫፋቸውን ስቆርጥ ዋልኩ። ጫፉ ሲቆረጥ ከጎን ያቆጠቁጣል፤ ተክሉም ይሞላል። እጄን ሳልታጠብ ልብስ አሰጣሁ፤ እዚያው ፀሐይ ላይ። በዚያ ቀን ምንም አልተሰማኝም። በማግስቱ ማታ የእጄ አንጓ ላይ መስመር መስመር ሠርቶ ቀላ። ዛሬ ጠዋት ውሃ ቋጠረ። የፈላ ዘይት የፈሰሰብኝ ነው የሚመስለው።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ "ምን ነካሽ?" ስትለኝ ጤና አዳም ማለቱ አሳፍሮኝ ነበር። እሷ ግን ታውቀዋለች። የተክሉ ጭማቂ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባል ነገር አለ። ቆዳ ላይ ካረፈ በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳውን ያቃጥላል። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም፤ ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ነው የሚብሰው። የሎሚ ጭማቂም በፀሐይ እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ውሃ የቋጠረውን እንዳላፈርጠው፣ በንጹሕ ጨርቅ እንድሸፍነውና ከፀሐይ እንድጠብቀው ነገረችኝ። ጠባሳው ጥቁር ሆኖ ብዙ ወር ሊቆይ እንደሚችልም አልደበቀችኝም።

እማዬ ቤት በልጅነቴ ለምን አልደረሰብኝም? አስቤ አስቤ ደረስኩበት። ያኔ የምቀነጥሰው አንድ ዘንግ ነው። ሮጬ ቤት እገባለሁ። ከትናንት በስቲያ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆርጬ ፀሐይ ላይ ዋልኩ።

ከዛሬ ጀምሮ ብዙ የምቆርጠው ማታ ወይም ደመና ሲሆን ነው። ጓንት አደርጋለሁ። ስጨርስ በሳሙና እታጠባለሁ። ልጆች በቅጠሉ እንዳይጫወቱበት ባልዲዎቹን ከፍ ያለ ግንብ ላይ አወጣኋቸው።

መጋቢት 9

ዘንድሮ ረመዳንና ዓቢይ ጾም ገጠሙ። ሰፈሩ ቀኑን ሙሉ ጸጥ ይላል፤ ማታ ይነቃል። እማማ ካፈጠሩ በኋላ ቡና ጠሩን። የመጀመሪያውን ምርት ይዤ ሄድኩ፤ አምስት ዘንግ።

ለረጅም ጊዜ ያከራከረንን ነገር ዛሬ ፈተንነው። ጤና አዳም ጀበና ውስጥ ይገባል ወይስ ሲኒ ውስጥ? አቦሉን ቅጠሉን ጀበና ውስጥ ጨምረን አፈላነው። መረረ። ሽታውም ጠፍቶ የተቀቀለ ሣር ሆነ። ቶናውን በባዶ ሲኒ ውስጥ ትንሽ ጫፍ አድርገን ትኩስ ቡና ቀዳንበት። ሽታው በእንፋሎቱ ተነሳ። በረካውን ደግሞ ቡናውን ከቀዳን በኋላ ዘንጉን ይዘን ሁለቴ አማሰልንበትና አወጣነው። ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ይሄ ነው። ዘይቱ በሙቀት ቶሎ ስለሚተን ብዙ ማፍላት ያጠፋዋል። እማማ ግን ሲኒ ውስጥ ቢቀር ይሻላል ባይ ናቸው። በዚህ አልተስማማንም።

አንድ ሲኒ፣ አንድ ትንሽ ጫፍ። ከትንሿ ጣት ጥፍር እስከ ሁለተኛው አንጓ የምታህል። ከዚህ በላይ ቡናውን ያሸንፈዋል።

የወንድሜ ሚስት አብራን ነበረች። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሲኒዋን ስትዘረጋ እማማ እጇን ያዙት። "ላንቺ አይሆንም የኔ አበባ። ማሕፀን ይነካል።" ልጅቷ ከፋት። "አንዲት ቅጠል ምን ታደርጋለች?" አለች። እኔም ከእማማ ጋር ቆምኩ። ጤና አዳም ማሕፀን እንዲኮማተር ያደርጋል። ድሮ በብዙ አገር ጽንስ ለማስወረድ ይጠጡት ነበር፤ በዚያም ሕይወታቸውን ያጡ አሉ። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር በቡናም ሆነ በሻይ አይሰጥም። ለእሷ ያለ ጤና አዳም ቀዳንላት።

ስለ መድኃኒትነቱ የማስበውን እዚሁ ልጻፍ። እኛ ቤት ሆድ ሲቆርጥ ጤና አዳም በሻይ ይጠጣል። ለጉንፋን ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይወሰዳል። እኔም ከምግብ በኋላ ሆዴ ሲነፋ አንድ ጫፍ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ እጠጣለሁ፤ ቀለል ይለኛል። ግን "ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም" የሚለውን አልቀበልም። በብዛት ሲወሰድ ጨጓራ ያቃጥላል፤ ጉበትንና ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ጨምቆ ለሕፃን ማጠጣት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። ሕፃኑ ሆዱን ካመመው መንገዱ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ሚያዝያ 13

ትናንት ፋሲካ ነበር። አይቡን ራሴ አወጣሁ። አሬራውን በዝግታ እሳት ላይ ጥጄ አንድ ዘንግ ጤና አዳም ጣል አደረግኩበት። እሳቱ መብዛት የለበትም። ከፈላ አይቡ ይደርቃል። አይቡ ከውሃው ሲለይ አወረድኩት፤ ዘንጉን አውጥቼ በነጠላ አጠለልኩት። ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል አዲስ ቅጠል በደቃቁ ከትፌ ቀላቀልኩ። የዶሮ ወጡን የቃጠሎ ስሜት ቀዝቀዝ አደረገው። አንድ ሳህን ለእማማ ላክሁ። ሳህኑ ብስኩት ሞልቶ ተመለሰ።

ግንቦት 18

አበባ! ከበልጉ ዝናብ በኋላ ሦስቱ አበቡ። ቢጫ፣ ትንሽ፣ ጫፉ እንደ ጥለት የተንዘረፈፈ። በእያንዳንዱ ዘለላ መካከል ላይ መጀመሪያ የሚከፈተው አበባ አምስት ቅጠል አለው። ሌሎቹ በሙሉ አራት ናቸው። ሦስቱንም ተክሎች ቆጠርኩ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው። ንቦች ከጠዋት ጀምሮ አይለቁትም።

ለቅጠል ብቻ ቢሆን አበባውን መቁረጥ ይሻል ነበር። ፍሬውን ግን እፈልገዋለሁ። የእማዬ በርበሬ ያለ ጤና አዳም ፍሬ አይፈጭም።

ሰኔ 14

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አራቱን ከባልዲ ወደ መሬት አወረድኩ። አንዱን ባልዲው ውስጥ ተውኩት። ለሦስቱ በድንጋይ የታጠረ ከፍ ያለ መደብ ሠራሁ፤ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከታች ጠጠር፣ ከላይ ያ የአሸዋ ድብልቅ። ለአራተኛው ድንጋይ አነሰኝ። ደክሞኝም ነበር። ከአጥሩ ሥር ሜዳው ላይ ተከልኩት።

ነሐሴ 11

የአጥሩ ሥር ያለው ሞተ። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ፋታ አልሰጠም። መጀመሪያ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ጠወለገ። እንዲህ ሲጠወልግ ያየ ሰው ውሃ የጠማው ይመስለዋል። አፈሩ ግን ጭቃ ነው። ነቅዬ ሳየው ሥሩ ቡናማ፣ ለስላሳ፣ የሚሸት። ሥሩ ስለበሰበሰ ውሃው ቢኖርም መጠጣት አልቻለም።

መደቡ ላይ ያሉት ሦስቱ ደህና ናቸው። ዝናቡ በድንጋዮቹ መካከል ይወርዳል። የባልዲውን ደግሞ ከጣራው ክፈፍ ሥር አስገባሁት።

ይሄ ሞት ቆጭቶኛል። አፈሩን ጥቅምት ላይ በገዛ እጄ ፈትኜዋለሁ። አውቄ ነው የተከልኩት።

ጥቅምት 9 ቀን 2018

ፍሬው ደረቀ። አራት ጫፍ ያላት ትንሽ ቡናማ ሙዳይ ነች። ነካ ሲያደርጓት ጥቁር ዘሩ ይንሾሻል። ተሰንጥቆ ከመርገፉ በፊት ዘለላውን ከነግንዱ ቆርጬ፣ ማታ፣ በጓንት፣ ጆንያ ላይ ጥላ ውስጥ ዘረጋሁት። ከአራቱ ተክሎች ሁለት የቡና ሲኒ ሙሉ ወጣ።

ቅጠሉንም ለማድረቅ ሞክሬ ነበር። አልወደድኩትም። ሲደርቅ ሽታው ከግማሽ በላይ ይጠፋል። ፍሬው ግን ጠረኑን ይዞ ይቆያል።

ኅዳር 7

በርበሬ አዘጋጀን። እማዬ መጥታ ነበር። ለአምስት ኪሎ ዛላ አንድ ሲኒ የጤና አዳም ፍሬ፣ ከኮረሪማው፣ ከጥቁር አዝሙዱና ከበሶብላው ጋር። ፍሬውን ለብቻው በዝግታ እሳት አመስ አድርጋ፣ ጠረኑ ሲነሳ ወዲያው አወረደችው። "ከዚህ ካለፈ ይመራል" አለችኝ። ሁለተኛውን ሲኒ ልጨምር ስል ከለከለችኝ። ለዘር ይቀመጥ አለች።

የወንድሜ ሚስት ሕፃኑን አዝላ መጣች። ወንድ ልጅ ነው፤ አራት ወሩ። "አሁንስ ቡናዬ ላይ ይደረግልኝ?" አለችኝ። ጡት እስክታስጥለው ትቆይ ብለን ተስማማን፤ በዚህ ጊዜ አልከፋትም። የባልዲውን ተክል ለእሷ አደረግኩት። እዚሁ ግንቡ ላይ ይቆይላታል። ሁለተኛው ልጄ በተረፈ ቀለም ባልዲው ላይ ስሟን ጻፈበት።